ኢንተርናት ሲዘጋ ልጆቹ የት ይገባሉ?

የካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ከቤተሰባቸው ተለይተው በአዳሪ ተቋማት (ኢንተርናት) የሚኖሩ የዩክሬን ልጆች ቁጥር ወደ 100,000 ይጠጋ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙዎቹ በጥድፊያ ወደየቤታቸው ተላኩ፤ ሌሎቹ በአውቶቡስና በባቡር ወደ ምዕራብ ዩክሬንና ወደ ጎረቤት አገሮች ተወሰዱ። ዜናውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይህ ሁሉ ልጅ ወላጅ የለውም ማለት ነው?" ብሎ ነው። አለው። የአብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አለ፤ የሚላኩበት ቤት መገኘቱም ይህንኑ ያሳያል።

ታዲያ ወላጅ ያለው ልጅ ለምን በተቋም አደገ? ተቋሙስ ሲዘጋ ማን ይረከበዋል? ለዚህ ከዩክሬን ጎን ያለችው ሞልዶቫ ጥሩ ማሳያ ናት። በ2007 ከ11,000 በላይ ልጆች በተቋማት ይኖሩባት ነበር፤ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ከ1,000 በታች ወርዷል። ሥራው የተሠራው በመንግሥትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ትብብር ነው። እንዴት እንደተሠራና የት የት ላይ እንደሚሰናከል እንይ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርናት ምንድን ነው?

ኢንተርናት የሶቪየት ኅብረት አዳሪ ተቋም ነው፤ ልጁ የሚማርበትም፣ የሚበላበትም፣ የሚተኛበትም። ኒኪታ ክሩሽቾቭ በ1956 በኮሚኒስት ፓርቲው 20ኛ ጉባኤ ላይ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በስፋት እንዲከፈቱ ጥሪ ካቀረበ በኋላ በየሪፐብሊኩ ተስፋፉ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ የወደፊቱን ዜጋ ከድሃ ወይም ከደከመ ቤተሰብ ይልቅ መንግሥት የተሻለ አድርጎ ያሳድገዋል።

ሥርዓቱ በዕድሜና በጤንነት የተከፋፈለ ነበር። ጨቅላ ሕፃን በጤና ሚኒስቴር ሥር ባለ የጨቅላዎች ቤት ይቀመጣል። ለትምህርት ሲደርስ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ወዳለ ኢንተርናት ይሄዳል። በመሐል ሐኪሞችና መምህራን ያሉበት ኮሚሽን ይመረምረዋል፤ ትምህርት የሚከብደው ሆኖ ከተገኘ "ረዳት ትምህርት ቤት" ወደሚባለው የተለየ ኢንተርናት ይመደባል። "ሊማር አይችልም" ተብሎ ከተፈረደበት ግን በማኅበራዊ ጥበቃ ሥር ወዳለ፣ የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወደተሠራ ተቋም ይገባል፤ 18 ሲሞላው ደግሞ ለአዋቂዎች ወደተዘጋጀው ተመሳሳይ ቦታ ይዛወራል። በሞልዶቫ እንዲህ ያለው የልጆች ተቋም ለወንዶች በኦርሄይ፣ ለሴቶች በሂንቸሽት ነበር።

አንድ ልጅ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ሦስት አራት ሕንፃ ሊቀያይር ይችል ነበር። በእያንዳንዱ ዝውውር የለመዳቸው ተንከባካቢዎች ይቀራሉ፤ ታላቅ ወንድም አንድ ከተማ፣ ታናሽ እህት ሌላ ከተማ ይመደባሉ። ተቋማቱ በሦስት ሚኒስቴሮች ሥር ስለተበተኑም የልጁን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ወላጅ ያላቸው ልጆች ለምን ገቡ?

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ድህነት፣ አካል ጉዳትና ስደት።

ሞልዶቫ ነፃነቷን ያወጀችው ነሐሴ 1991 ነው። የሶቪየት ገበያ ሲጠፋና በ1992 በምሥራቅ ጫፏ ባለችው በትራንስኒስትሪያ ጦርነት ሲነሳ ኢኮኖሚዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ተኮማተረ። የጋራ እርሻዎች ፈረሱ፤ ደመወዝና ጡረታ ለወራት ሳይከፈል ይቆይ ጀመር። ከነዚህ ሁሉ መሐል ኢንተርናቱ ቆሞ ቀረ። ሲሞቅ የሚውል ክፍል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ምግብ፣ ጫማና ደብተር ነበረው። በሞልዶቫ ገጠር ከባዱ ወቅት በረዶ የሚወርድበት ክረምት ነው፤ የማገዶ እንጨት ያልገዛች እናት ልጇን ቤት ማቆየት አትችልም። ልጁን ለኢንተርናት መስጠት ብዙ ጊዜ ልጅን መጣል ሳይሆን ክረምቱን ማሻገሪያ ነበር። ከአንድ ክረምት በኋላ ግን ሌላ ክረምት ይመጣል፤ ልጁም እዚያው ይቀራል።

አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሲወለድ ደግሞ ገና ከማዋለጃ ክፍሉ ሳትወጣ እናቲቱን "ለመንግሥት ስጪው፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" ማለት የተለመደ ነበር። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ከተቋም ውጭ ለዚያ ልጅ የሚሆን ምንም ነገር ስላልነበረ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አይቀበለውም፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና በአቅራቢያ የለም፤ እናት ሥራዋን ብትተው የሚደጉማት የለም።

ሦስተኛው ስደት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞልዶቫ አባቶች ወደ ሩሲያ የግንባታ ሥራ፣ እናቶች ወደ ጣሊያን አረጋዊ ለማስታመም ሄዱ። አያት ካለች ልጁ ከአያት ዘንድ ይቀመጣል፤ ከሌለች ወይም ከደከመች ኢንተርናት። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ የሄደች እናት በቤተሰቧ ያለች ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መያዝ ይገባል። በደርግ ዘመን አላጌ ላይ የተቋቋመውን የሕፃናት አምባ የሚያስታውሱ ሰዎች ኢንተርናትን ከእሱ ጋር ያመሳስሉታል። አምባው በዋነኛነት የታሰበው በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች ልጆች ነበር። የኢንተርናት ልጅ ወላጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቆ በሕይወት ያለ ሰው ነው። መፍትሔውም ለዚህ ይለያል።

ጥሩ ተቋም ቢሆንስ? ምን ይጎዳል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ተንከባካቢዎችም ሥራቸውን ከልብ የሚሠሩ ናቸው። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። በጨቅላዎች ቤት ተንከባካቢዎች በፈረቃ ይቀያየራሉ፤ ለሕፃኑ ምግብ ያበላው እጅና ማታ ያስተኛው እጅ አንድ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ ያው አንድ ሰው ደጋግሞ ሲመጣለት ነው መታመንን የሚማረው።

በጎረቤት ሩማንያ የተካሄደ ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። በቡካሬስት ከተቋማት የተመረጡ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሌላ ሰው ልጅ ተረክቦ በቤቱ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ተሰጡ፣ ግማሾቹ እንደተለመደው ቀጠሉ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ እድገታቸውም ከሰው ጋር ባላቸው ቁርኝትም ተሽለው ተገኙ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ተቋሙን ቀለም መቀባትና መጫወቻ መሙላት ይህን ልዩነት አይሞላውም።

በጎ አድራጎት ድርጅቶች በትክክል ምን ሠሩ?

በ1990ዎቹ የውጭ ድርጅቶች ወደ አካባቢው ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ብርድ ልብስ፣ ጣሪያ መጠገን፣ ማሞቂያ መቀየር፣ ለገና ስጦታ። ውጤቱ ያልታሰበ ሆነ። የታደሰ ኢንተርናት የመንደሩ ምርጥ ሕንፃ ይሆናል፤ ድሃ ወላጅም ልጁን ለማስገባት ይበልጥ ይበረታታል። አልጋ በተጨመረ ቁጥር አልጋው ይሞላል።

ስለዚህ አቅጣጫው ተቀየረ። ሞልዶቫ በ2007 የተቋማትን ሥርዓት የምትለውጥበትን የአምስት ዓመት ብሔራዊ ስትራቴጂ አጸደቀች፤ ዓላማው በ2012 በተቋም ያሉ ልጆችን ቁጥር በግማሽ መቀነስ ነበር። ዩኒሴፍ ከላይ ፖሊሲውን ደገፈ። ሉሞስ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት እንደ ያሎቬንና ፍሎሬሽት ባሉ ወረዳዎች፣ ፓርትነርሺፕስ ፎር ኤቭሪ ቻይልድ የተባለው ድርጅት በኡንገን፣ በፋሌሽትና በካላራሽ፣ ኪስቶን ሞልዶቫ ደግሞ በኦርሄይ ተቋም ላይ ሠሩ።

የነዚህ ድርጅቶች ዋና አስተዋጽኦ ልጆቹን ራሳቸው ማሳደግ አልነበረም። ከሁሉም የከበደውን የሽግግሩን ወጪ መሸከም ነበር። አሮጌው ድስት ከምድጃው ሳይወርድ አዲሱ መጣድ አለበት፤ እስኪበስል ድረስ የሁለት ምድጃ እንጨት ይነዳል። ኢንተርናቱ ውስጥ ልጅ እስካለ ድረስ ማሞቂያው፣ ወጥ ቤቱና ደመወዙ ይቀጥላል፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ የወረዳው ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የአደራ ቤተሰቡና የትምህርት ቤቱ ደጋፊ መምህር መከፈል አለባቸው። የድሃ አገር በጀት ለዚህ እጥፍ ወጪ ቦታ የለውም። ድርጅቶቹ ሁለተኛውን ምድጃ ለሁለትና ሦስት ዓመት አነደዱ።

ሌላው ሥራ ሙያውን ከባዶ ማቆም ነው። ዛሬ ማኅበራዊ ሠራተኛ የምንለው፣ ቤት ለቤት እየሄደ የቤተሰብን ችግር የሚከታተል ባለሙያ፣ በሶቪየት ሥርዓት አልነበረም። ሞልዶቫ ማኅበራዊ ሠራተኞችን እስከ መንደር ድረስ መመደብ የጀመረችው ከለውጡ ጋር ነው። ድርጅቶቹ ቅጾቹን አዘጋጁ፣ ሥልጠናውን ሰጡ፣ በየሳምንቱ አብረው ተቀምጠው ጉዳይ በጉዳይ ተወያዩ። ይህ የመጨረሻው ከሥልጠናው ይበልጣል። ብቻውን አምስት መንደር የሚዞር አዲስ ሠራተኛ የሚያማክረው ሰው ካጣ ወይ ይለቃል ወይ ቅጽ መሙላት ብቻ ይቀረዋል።

አንድ ኢንተርናት እንዴት ይዘጋል?

መጀመሪያ የተቋሙ ምርመራ ይደረጋል። በጀቱ መስመር በመስመር ይነበባል፦ ለደመወዝ ስንት፣ ለማሞቂያ ስንት፣ ለምግብ ስንት። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ገንዘብ ልጁ ጋር አይደርስም፤ ሠራተኛና ሕንፃ ይበሉታል። ይህ ቁጥር በኋላ ከፋይናንስ ሚኒስቴር ጋር ለሚደረገው ድርድር ዋናው መሣሪያ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዛል።

ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይገመገማል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜ የወላጅ አድራሻ ያረጀ፣ የልደት ወረቀት የጎደለ፣ ወንድምና እህት መኖሩ ያልተጻፈበት ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛው ወደ ተወለደበት መንደር ሄዶ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ማዘጋጃ ቤት ይጠይቃል፣ ውጭ ያለች እናት በስልክ ትፈለጋለች። ልጁም ይጠየቃል፤ ማንን እንደሚናፍቅ፣ ማንን እንደሚፈራ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲዘለል ልጅ ወደተደበደበበት ቤት ሊመለስ ይችላል።

ቀጥሎ የቤቱ ጉብኝት ነው። መመዘኛው ድህነት አይደለም። "ቤታቸው ድሃ ነው" የሚል ሪፖርት ተመልሶ ይመጣል፤ መመለስ ያለበት ጥያቄ "ልጁ እዚህ ቢመጣ ምን ይጎድላል፣ ያንን ለመሙላት ስንት ያስፈልጋል?" የሚለው ነው። በሞልዶቫ የገጠር ቤት የሚሞቀው ሶባ በሚባል የጡብ ምድጃ ነው፤ ማኅበራዊ ሠራተኛው ስንጥቅ እንዳለው፣ ጭሱ ወደ ክፍሉ እንደሚወጣ ያያል። የሚተኛበት አልጋ አለ ወይ? ትምህርት ቤቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ብዙ ጉዳዮች እዚህ ላይ በአንድ ጊዜ ድጋፍ ይፈታሉ፦ ሶባው ይጠገናል፣ እንጨት ይገዛል፣ አልጋና ፍራሽ ይመጣል፣ እናት ማግኘት የሚገባት የመንግሥት ድጎማ ላይ ማመልከቻ ይሞላላታል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን መብቷ የሆነውን ድጎማ መታወቂያ ስለጠፋባት ብቻ የማታገኝ እናት ብዙ ናት።

ከዚያ ዝግጅት። ልጅ በአንድ ቀን ሻንጣ ተሸክሞ አይሄድም። መጀመሪያ ፎቶና ስልክ፣ ከዚያ እናት ወደ ኢንተርናቱ መጥታ አብራው ትውላለች፣ ከዚያ ልጁ ቅዳሜና እሑድ ቤት ያድራል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ የዕረፍት ጊዜ። ለጨቅላ ሕፃን አካሄዱ ይለያል፤ የምትረከበው የአደራ እናት ለተወሰኑ ሳምንታት በየቀኑ ወደ ጨቅላዎች ቤት እየመጣች ራሷ ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታስተኛዋለች። ሕፃኑ ሽታዋንና ድምፅዋን ለምዶ ነው የሚወጣው።

ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ክትትል ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ደስተኛ ነው። ቀጥሎ ልጁ ይቆጣል፣ ምግብ ይደብቃል፣ ማታ ማታ ይቃዣል ወይም "ወደ ኢንተርናት መልሱኝ" ይላል። እናት ይህ የሚጠበቅ መሆኑን የሚነግራት ሰው ካጣች የከሸፈች ይመስላትና ትመልሰዋለች። በዚህ ጊዜ የማኅበራዊ ሠራተኛው ጉብኝት በወር አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ መሆን አለበት።

በስተመጨረሻ ሠራተኞቹና ሕንፃው ይቀራሉ። በትንሽ ከተማ ኢንተርናቱ ትልቁ ቀጣሪ ነው፤ ወጥ ቤት፣ ጥበቃ፣ አስተማሪ፣ ማሞቂያ የሚያነድ ሰው ሁሉ ከዚያ ይበላል። ይህን ያላሰበ ዕቅድ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ተቃውሞ ይጠብቀዋል፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። የተሻለ አካሄድ ሲያዝ አንዳንድ አስተማሪዎች በሰፈር ትምህርት ቤት ደጋፊ መምህር ይሆናሉ፣ አንዳንድ ተንከባካቢዎች ሠልጥነው የአደራ ቤተሰብ ይሆናሉ፣ ሕንፃው የቀን ማዕከል ወይም መደበኛ ትምህርት ቤት ይሆናል።

አዲስ ልጅ እንዳይገባ የሚያግደው ማን ነው?

በአንድ በር ልጅ እያስወጡ በሌላው በር ማስገባት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየወረዳው ችግር ላይ ያሉ ልጆችን ጉዳይ የሚያይ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሥራው ልጅ ከቤተሰቡ ከመለየቱ በፊት ሌላ አማራጭ ሁሉ መሞከሩን ማረጋገጥ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሐኪም፣ ፖሊስና የትምህርት ባለሙያ ይቀመጡበታል። "ቤተሰቡ ድሃ ነው" ብቻ ብሎ የመጣ ፋይል ለቤተሰቡ ምን ድጋፍ እንደተሰጠ ይጠየቃል፤ ካልተሰጠ ተመልሶ ይሄዳል።

በ2013 የወጣው 140ኛው ሕግ ኃላፊነቱን እስከ መንደር አወረደው። የመንደሩ ከንቲባ የአካባቢው የሞግዚትነት ባለሥልጣን ነው፤ ልጅ አደጋ ላይ ነው የሚል ጥቆማ ሲደርሰው ዞር ማለት አይችልም። ልጁን አስቸኳይ ማስወጣት ካስፈለገ ለ72 ሰዓት በዘመድ ወይም በአደራ ቤተሰብ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የወረዳው ባለሥልጣን እስከ 45 ቀን ሊያራዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ግምገማ ተሠርቶ ውሳኔ ላይ መደረስ አለበት። ሰዓትና ቀን መወሰኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀድሞ "ለጊዜው" የገባ ልጅ ለአሥር ዓመት የሚቀረው ማንም ቀን ስላልቆረጠ ነበር።

ያው ሕግ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ወላጅን ያስገድዳል፤ ከመሄዱ በፊት ማሳወቅና ለልጁ በሕግ የታወቀ አሳዳጊ መሰየም አለበት። ይህ ለአያት ትልቅ ፋይዳ አለው። ልጁን ሆስፒታል ስትወስደው ወይም ትምህርት ቤት ስታስመዘግበው "አንቺ ማን ነሽ?" ስትባል የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል።

የሚመለስበት ቤት የሌለው ልጅስ?

ቅድሚያ የሚሰጠው ለዘመድ ነው፦ አያት፣ አክስት፣ ያገባች ታላቅ እህት። ዘመድ ከሌለ ወደ አደራ ቤተሰብ ይገባል። በሞልዶቫ የአደራ ወላጅነት ሥራ ነው። አመልካቿ ቤቷና ጤናዋ ይመረመራል፣ 50 ሰዓት ትሠለጥናለች፣ ከዚያ በሥራ ውል ትቀጠራለች፤ ደመወዟ ለእሷ፣ ለልጁ የሚሰጠው አበል ደግሞ ለልጁ ነው። ሁለቱ ገንዘቦች መለየታቸው አስፈላጊ ነው፤ ካልተለዩ የልጁ ምግብና ልብስ ከደሞዝ የሚቀነስ ወጪ ይመስላል። ከዚህ የበዙ ልጆች የሚወስዱ፣ በተለይ ወንድምና እህቶች እንዳይለያዩ የሚያግዙ፣ የቤተሰብ ዓይነት የልጆች ቤቶችም አሉ።

ከዚህ የተረፉት፣ ብዙ ጊዜ ታዳጊዎች ወይም ከባድ አካል ጉዳት ያለባቸው፣ በመደበኛ ሰፈር ባለ ተራ ቤት ውስጥ በጥቂት ተንከባካቢዎች ይኖራሉ። ጆርጂያ ይህን መንገድ በስፋት ተጠቅማለች፤ ከ8 እስከ 10 ልጅ የሚይዙ ትናንሽ ቤቶች በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይተዳደራሉ፣ መንግሥት በልጅና በቀን ሒሳብ ይከፍላቸዋል።

የተቋሙ ገንዘብ የት ይሄዳል?

ለውጡ ቆሞ የሚቀረው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በቀድሞው አሠራር በጀት የሚመደበው ለሕንፃው ነበር፤ 200 አልጋ ካለ የ200 አልጋ ብር ይላካል። የተቋሙ ዳይሬክተር ልጅ ሲወጣ በጀቱ ይቀንስበታል፤ ስለዚህ ልጅ ባያስወጣ ይመርጣል። ይህን የሚፈታው ገንዘቡ ልጁን እንዲከተል ማድረግ ነው። ኢንተርናት ሲዘጋ የሚተርፈው በጀት ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ተመልሶ እንዳይጠፋ፣ ለወረዳው ማኅበራዊ አገልግሎትና ለትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ በጽሑፍ መታሰር አለበት። ሞልዶቫ ትምህርት ቤቶቿን በተማሪ ቁጥር ማስላት ስትጀምር ከወረዳው የትምህርት በጀት እስከ 2 በመቶ ለአካቶ ትምህርት፣ ማለትም ድጋፍ የሚሹ ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ለሚማሩበት ትምህርት እንዲለይ አደረገች። ከዚያ ገንዘብ ደጋፊ መምህሩ ይከፈላል፣ የመርጃ ክፍሉ ይደራጃል። ያ መምህር ከሌለ ከረዳት ትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ዓመት ይጨርሳል፤ ከዚያም ያቋርጣል።

የት የት ላይ ይበላሻል?

በጣም የተለመደው ስህተት ቁጥር ማሳደድ ነው። ሚኒስቴር "በዚህ ዓመት ይህን ያህል ልጅ ቀንሱ" ሲል ቀላሎቹ ጉዳዮች መጀመሪያ ይወጣሉ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ይቀራሉ። ከቀሩት ልጆች መሐል የእነዚህ ድርሻ እየጨመረ ሲሄድ "ለእነዚህማ ተቋም የግድ ነው" የሚል ሙግት ይነሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመክሩት ተቃራኒውን ነው፦ ከጨቅላዎችና ከከባዶቹ ጉዳዮች ጀምሩ።

ሌላው ኢንተርናቱን በግድግዳ ከፋፍሎ "የቤተሰብ ቤት" ብሎ መሰየም ነው። ምግቡ ከአንድ ወጥ ቤት ይመጣል፣ ልብሱ በአንድ ላይ ይታጠባል፣ ልጁ እንቁላል መጥበስ ሳይማር 18 ይሞላዋል። ከዚያ ያለ ቤት፣ ያለ ዘመድ፣ ገንዘብ መያዝ ሳያውቅ ይወጣል፤ ለደላላና ለሕገ ወጥ አዘዋዋሪ የሚጋለጠውም በዚህ ጊዜ ነው።

ድርጅቶቹ ራሳቸውም ጉዳት ያደርሳሉ። ከመንግሥት እጥፍ ደመወዝ ከፍለው ጎበዞቹን ማኅበራዊ ሠራተኞች ይወስዳሉ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አገልግሎቱም ያልቃል፣ ሠራተኛውም ወደ አውሮፓ ይሄዳል። መንግሥት ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ ስንት በመቶ እንደሚሸፍን ከመጀመሪያው ያልተፈረመበት አገልግሎት ዕድሜው አጭር ነው። ለሁለት ሳምንት መጥተው ሕፃን አቅፈው የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችም እንዲሁ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ አንድ ሰው ያጣል።

ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ የሚቀሩ ቤቶችም አሉ። በ2021 በጆርጂያ ኒኖትስሚንዳ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሥር የነበረ የሕፃናት አዳሪ ቤት የሕዝብ እንባ ጠባቂውን ተቆጣጣሪዎች አላስገባም ማለቱ አገሪቱን አነጋግሯል። መንግሥት የራሱን ተቋማት ዘግቶ ሌሎቹን ሳይመለከት ሲቀር የሚመጣው ይህ ነው። ዩክሬን ደግሞ በ2017 ተመሳሳይ ብሔራዊ ስትራቴጂ ነበራት፤ ሥራው ሳይገፋ ጦርነቱ ደረሰ፣ ግምገማና ዝግጅት የሚፈልገው ጉዞ በጥቂት ቀናት ሩጫ ተተካ።

አዋቂዎችና አረጋውያንስ?

መሠረቱ አንድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ዘገምተኛ ነው። ሞልዶቫ በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ስታጸድቅ፣ በ19ኛው አንቀጽ መሠረት ሰዎች በኅብረተሰቡ መሐል እንዲኖሩ ቃል ገብታለች። በዚህ መሠረት ወደ ቤት የሚሄድ የባለሙያዎች ቡድን፣ ጥቂት ሰዎች በድጋፍ የሚኖሩበት ቤት፣ እንዲሁም የግል ረዳት አገልግሎት ተጀመረ። የግል ረዳቱ ብዙ ጊዜ የአካል ጉዳተኛው የራሱ ቤተሰብ አባል ነው፤ ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጇን የምታስታምም እናት ደመወዝ ታገኛለች፣ የጡረታ ዘመንም ይቆጠርላታል። ፈላጊው ከበጀቱ ስለሚበልጥ ተራ መጠበቅ ግን አለ። ልጆቻቸው ጣሊያን የቀሩባቸው ብቸኛ አረጋውያን ደግሞ እንጨት የሚፈልጥላቸው፣ መድኃኒት የሚያመጣላቸው የቤት ለቤት ተንከባካቢ ያሻቸዋል። በ2023 "ሪስታርት" በሚል ስም የተጀመረው የመንግሥት ለውጥ እነዚህን አገልግሎቶች በየወረዳው ከመበታተን አውጥቶ በጥቂት ክልላዊ ኤጀንሲዎች ሥር ለማድረግ የታሰበ ነው።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ወይም ከውጭ የሚረዳ ሰው ምን ይጠይቅ?

ኢትዮጵያ በ2009 ባወጣችው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ደንግጋለች፤ በ2018 ደግሞ ልጆችን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ቆመ። ማሳደጊያዎች ግን አሁንም አሉ፤ ከዲሲ፣ ከለንደን ወይም ከቴል አቪቭ ገንዘብ የሚልክ ወገንም ብዙ ነው። ከሞልዶቫ የተገኘው ልምድ እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

ገንዘብ ከመላክ በፊት ተቋሙን ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ እንደገባና ስንት ልጅ ወደ ቤተሰብ እንደተመለሰ ጠይቁ። ከልጆቹ ስንቶቹ በሕይወት ያለ እናት ወይም አባት እንዳላቸው፣ ቤተሰቡን ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኘው ማን እንደሆነና መቼ እንደነበር ጠይቁ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ተቀጥሮ እንደሆነ፣ አንዱ ስንት ልጅ እንደሚከታተል ጠይቁ። በልጆች ቁጥር ልክ ነው ገንዘብ የሚጠየቀው? ከሆነ፣ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድጋፉ አብሮት ይሄድ እንደሆነ አጣሩ። ለአልጋ ከመክፈል ይልቅ ለአንዲት አያት የቤት ኪራይ፣ ለአንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ደመወዝና ትራንስፖርት፣ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲማር ለሚያግዝ መምህር መክፈል ይቻላል፤ ይህን የሚያደርግ ድርጅት የእያንዳንዱን ልጅ ዕቅድ፣ ስሙን ሸፍኖም ቢሆን፣ ሊያሳያችሁ ይገባል።